ኤክስ 5፣ ጂኤልኢ ወይስ አርኤክስ? መጀመሪያ ስንት ዓመት እንደምትይዙት ንገሩኝ

ባለፈው ሰሞን መኪና ሊገዛ ያሰበ አንድ ወዳጄ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ደወለልኝ። ሰላምታው በወጉ ሳያልቅ "ኤክስ 5 ይሻላል ጂኤልኢ?" አለ። "ስንት ዓመት ልትይዘው ነው?" አልኩት። ዝም አለ። የውጭውን ቀለም መርጧል። የወንበሩን ቆዳ መርጧል። ጎማው 21 ኢንች እንዲሆን ወስኗል። ይቺን ግን አላሰባትም።

ጥያቄዋ ተራ ትመስላለች። ብራንዱን የምትመርጠው ግን እሷ ናት። ለ3 ዓመት የሚሆን መኪናና ለ12 ዓመት የሚሆን መኪና፣ ሁለቱም ቅንጡ ቢባሉም፣ አንድ አይደሉም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ሻጭም አይደለሁም። ዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ "እስኪ አብረኸኝ ና" የሚለኝ ሰው አላጣም። አንድ ጊዜ ደግሞ ራሴ በመኪና ግዢ ክፉኛ ተቃጥያለሁ። የምጽፈው አሜሪካ ሆናችሁ ለቤተሰብ የሚሆን ከፍ ያለ ኤስዩቪ ለምታማርጡ ነው። የማወዳድረው በብዛት የምጠየቅባቸውን ሦስቱን ነው፦ የቢኤምደብሊው ኤክስ 5፣ የመርሴዲስ ጂኤልኢ እና የሌክሰስ አርኤክስ። ኦዲና ጀነሲስ እግረ መንገዳቸውን ይመጣሉ።

ቁጥሩ አያታልላችሁ

ድሮ መኪናው ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ሞተሩን ይነግራችሁ ነበር። አርኤክስ 350 ከተባለ ሞተሩ 3.5 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ነው። ከ2023 ሞዴል ወዲህ ያለው አርኤክስ 350 ግን 2.4 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ (አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምርለት) ነው። ስሙ እዚያው፣ ሞተሩ ሌላ። የኤክስ 5 "40አይ" 3 ሊትር ነው። ጂኤልኢ 450ም 3 ሊትር ነው። ጂኤልኢ 350 ደግሞ 2 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? አንዱ "ጂኤልኢ ነድቼ ነበር፣ ጉልበት የለውም" ሲላችሁ የትኛውን እንደነዳ ጠይቁት። 350ው 255 የፈረስ ጉልበት አለው። 450ው 375። ሁለቱም ፊታቸው ላይ ያው የመርሴዲስ ኮከብ አለባቸው፤ መንገድ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው። ስለዚህ ስታወዳድሩ ብራንድን ከብራንድ ጋር አታወዳድሩ። ሞተርን ከሞተር፣ ዓመትን ከዓመት ጋር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። "የጀርመን ሥራ ነው የምፈልገው" የሚል ሰው አለ። ኤክስ 5 የሚገጣጠመው ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስፓርታንበርግ ነው። ጂኤልኢ የሚሠራው አላባማ ነው። ከአርኤክሶቹም ብዙዎቹ ከካናዳ፣ ከኦንታሪዮ ነው የሚመጡት። የሻንሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ ምልክት እዩ። 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ፣ 2 ከሆነ ካናዳ፣ 3 ከሆነ ሜክሲኮ፣ ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ደብልዩ ከሆነ ጀርመን ነው።

ስትነዷቸው

ኤክስ 5 የሹፌር መኪና ነው። ጂኤልኢ የተሳፋሪ። አርኤክስ ደግሞ የከፋዩ።

ኤክስ 5 40አይ ውስጥ ያለው ባለ 6 ሲሊንደር ቱርቦ ቢ58 ይባላል። ለእኔ ከጀርመኖቹ ሞተሮች ውስጥ አምኜ ገንዘቤን የማወጣበት እሱ ነው። ቶዮታ ሱፕራን እንደገና ሲያመጣ የተዋሰው ይሄንኑ ሞተር ነው። እኛ ቶዮታ የሚለውን ስም ስንሰማ ልባችን ስለሚረጋ ብዬ ነው የነገርኳችሁ። መሪው እጅ ላይ ክብደት አለው፣ ከርቭ ላይ መኪናው አይዋዥቅም፣ ሃይዌይ ስትገቡ ስንት ማይል ላይ እንዳላችሁ ያስረሳል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ቅጣት ያመጣል።

ጂኤልኢ 450 ቀስ ብሎ ነው የሚያሳምናችሁ። ዝምታው ነው ዋጋው። ኤር ሱስፔንሽን (መኪናውን በአየር የሚሸከመው) ያለው ከሆነ ጉድጓዱን ከሩቅ እንደሰማችሁት ሆኖ ያልፋል። ኋላ የተቀመጠ ሰው ይተኛል። እናቶቻችን "ማርቼዲስ" ብለው ሲጠሩት ድምፃቸው ላይ ያለችው አክብሮት ከዚህ የመጣች ይመስለኛል።

አርኤክስ ውስጥ ደስታው ሌላ ነው። 350ኤች የተባለው ሃይብሪዱ፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የሚያጣምረው፣ 246 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው። አያስደነግጥም። ስትረግጡት ትንሽ ያጉረመርማል። ግን በአማካይ በጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፣ ይኼን ለሚያህል መኪና። ሙሉ ቀን ከነዳችሁት በኋላ ስለ መኪናው ምንም የምታወሩት ነገር የላችሁም። አንዳንድ ሰው ይሄን ስድብ ያደርገዋል።

ዋጋቸውን በግርድፉ ልንገራችሁ። አዲስ አርኤክስ 50 ሺህ ዶላር አካባቢ ይጀምራል። ጂኤልኢ 350 ከ60 ሺህ በላይ ነው። ኤክስ 5 40አይ ወደ 70 ሺህ ይጠጋል። የኮሪያው ጀነሲስ ጂቪ80 60 ሺህ ገደማ ላይ ይጀምርና ጀርመኖቹ ተጨማሪ የሚያስከፍሉበትን ብዙ ነገር አብሮ ይሰጣችኋል። ውስጡ አፍ ያስከፍታል። ሰው ስሙን ስላላወቀው ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ጀነሲስ ከሃዩንዳይ ተለይቶ ራሱን የቻለ ብራንድ የሆነው በ2015 ነው።

መኪናው ይረክሳል፣ ዕቃው ግን አይረክስም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

አዲስ ሲወጣ 75 ሺህ ዶላር የነበረ የጀርመን መኪና ከ7 ዓመት በኋላ በ22 ሺህ ተሸጦ ታገኙታላችሁ። የኮሮላ ዋጋ! ልብ ይሰርቃል። ግን የወረደው የመኪናው ዋጋ ነው። የፍሬኑ፣ የኤር ሱስፔንሽኑ፣ የመብራቱ፣ የውሃ ፓምፑ ዋጋ አልወረደም። አሁንም የ75 ሺህ ዶላር መኪና መለዋወጫ ነው። የሠራተኛው የሰዓት ክፍያም እንደዚያው። እናንተ የገዛችሁት የ22 ሺህ መኪና ነው፤ የምትጠግኑት የ75 ሺህ መኪና ነው።

ይሄን የማውቀው አንብቤ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት 7 ዓመት የሠራ ቅንጡ ሴዳን ገዛሁ። ብራንዱን አልጠራም። ለ4 ወር ንጉሥ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ስወጣ መኪናው በአንድ ጎኑ እንደታመመ ግመል ተኝቶ አገኘሁት። ኤር ሱስፔንሽኑ አየር ጨርሷል። ጋራዡ የሰጠኝን ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር መስሎኝ ነበር፤ 3,400 ዶላር። ለዚያን ሳምንት ሥራ የሄድኩት በባልደረባዬ አሮጌ ኮሮላ ነው። ስንት ያማረ መኪና የነበራቸው ጃንሆይም መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ሌክሰስ ከዚህ ወጥመድ የሚያመልጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ብዙ አይበላሽም። ጄ.ዲ. ፓወር የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት 3 ዓመት የተነዱ መኪኖችን በሚያጠናበት ዝርዝር በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ አንደኛ የወጣው ሌክሰስ ነው። ሁለተኛ፣ ሆዱ ቶዮታ ነው። ኤንኤክስ የራቭ 4 ዘመድ ነው፣ ጂኤክስ የፕራዶ፣ ኤልኤክስ የላንድክሩዘር። የሰፈራችሁ ሐበሻ መካኒክ ቶዮታ መፍታት የሚችል ከሆነ ሌክሰስም አያስፈራውም። ለጀርመኖቹ ግን የራሳቸውን ኮምፒውተር የሚያነብ ጋራዥ መፈለግ ግድ ነው።

ሌክሰስ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። በ2024 ቶዮታ ከ100 ሺህ በላይ የ2022 እና የ2023 ሞዴል ተንድራ ፒክአፕና ሌክሰስ ኤልኤክስ 600 መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ሞተር ውስጥ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ነበር ምክንያቱ። ስለዚህ የየትኛውንም መኪና የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ጥሪ እንዳለበት እዩ። ነፃ ነው፤ 1 ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቪ8፣ ስለ ባለ 8 ሲሊንደሩ ሞተር። እኛ አገር ቪ8 ሲባል ትዝ የሚለን የባለሥልጣን ላንድክሩዘር ነው፤ ቃሉ ራሱ ማዕረግ ሆኗል። እዚህ ግን በ2011 እና 2012 አካባቢ የተሠራ ባለ ቪ8 ኤክስ 5 በርካሽ ካገኛችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የዚያን ዘመኑ ሞተር ዘይት በመጠጣት ስሙ የገነነ ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

ስለዚህ ስንት ዓመት?

ከ3 ዓመት በላይ አልይዝም የምትሉ ከሆነ ጀርመኖቹ የእናንተ ናቸው፤ ያውም በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት ተከራይቶ በመመለስ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ሊዝ ግን በሰው ወርቅ 3 ዓመት መድመቅ ነው። ዋጋው ከተገመተው በላይ ቢወድቅ ኪሳራው የእናንተ ሳይሆን የባለቤቱ ነው፣ ዋስትናውም ሳያልቅ ትመልሱታላችሁ። ችግሩ ማይሉ ነው። ብዙውን ጊዜ በዓመት 10 ሺህ ወይም 12 ሺህ ማይል ይሰጧችኋል፤ ከዚያ ካለፋችሁ በእያንዳንዱ ማይል 25 ሳንቲም ገደማ ትከፍላላችሁ። ኡበር የምትሠሩ ከሆነ ሊዝን እርሱት።

ሊዝ ላይ ሻጩ ወለዱን በመቶኛ አይነግራችሁም። መኒ ፋክተር የምትባል ኢምንት ቁጥር ያሳያችኋል፣ ለምሳሌ 0.0025። ታሳዝናለች፣ ምንም አትመስልም። በ2400 አባዟት። 6 በመቶ ወለድ ናት። ሻጩ ፊት ለፊት ስልካችሁን አውጥታችሁ ስታባዙ ወሬው ሁሉ ይቀየራል።

ከ5 እስከ 6 ዓመት የምትይዙ መሀል ቤት ናችሁ፤ ማሰብ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። የሦስቱም መሠረታዊ ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ነው፣ ቀድሞ የመጣው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሌክሰስ ለሞተርና ለካምቢዮ 6 ዓመት ወይም 70 ሺህ ማይል ይሰጣል። ቢኤምደብሊውና መርሴዲስ ለብቻው እንዲህ ያለ የላቸውም፤ 4 ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም አብሮ ያልቃል። ጀነሲስ ለሞተርና ካምቢዮ 10 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል አለው፤ ግን ሙሉው የሚሰጠው ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ከሰው እጅ ስትገዙ አይተላለፍላችሁም።

የ2 ወይም የ3 ዓመት መኪና፣ ራሱ ዲለሩ መርምሮ ሰርቲፋይድ ብሎ የሚሸጠው፣ ለእነዚህ ሰዎች ጥሩ መሀል መንገድ ነው። ዋናው የዋጋ ውድቀት በሌላ ሰው ኪስ አልፏል። ቢኤምደብሊውና መርሴዲስ ከዋናው ዋስትና በኋላ 1 ዓመት ይጨምራሉ፤ ሌክሰስ 2 ዓመት። ማይል አይገድቡም። በዚህ መንገድ ቢ58 ያለው ኤክስ 5 ካገኛችሁ እኔ አልከለክላችሁም። ኦዲ ኪው7 የምትሉም እዚህ ናችሁ። ለነገሩ ኪው7 ከፖርሽ ካየን እና ከላምቦርጊኒ ኡሩስ ጋር አንድ መሠረት ይጋራል፤ ይሄ መኩሪያ ይሆናችሁ እንደሆነ እንጂ ለጥገናው ወጪ የምሥራች አይደለም።

10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ አርኤክስ። ብዙ አልከራከርም።

ኪሳችሁ በየወሩ የሚያየው

ወርሃዊ ክፍያውን ሁሉም ያሰላል። ቤንዚኑን ግን ማን ያስባል? ኤክስ 5 እና ጂኤልኢ ውድ የሆነውን ፕሪሚየም ነው የሚጠጡት።  ሃይብሪዱ 350ኤች ተራው ቤንዚን ይበቃዋል። በዓመት 12 ሺህ ማይል እንነዳለን እንበል። ተራው ቤንዚን 3.20፣ ፕሪሚየሙ 4.10 ዶላር ነው እንበል። 350ኤች በዓመት 333 ጋሎን ይፈልጋል፤ 1,067 ዶላር አካባቢ። ኤክስ 5 40አይ በጋሎን 25 ማይል ቢሄድ 480 ጋሎን ነው፤ 1,968 ዶላር። ልዩነቱ 900 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ።

ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ ሌላ አለባችሁ። ፌርፋክስም ሆነ አሌክሳንድሪያ በመኪናችሁ የገበያ ዋጋ ልክ በየዓመቱ ታክስ ያስከፍላሉ። 60 ሺህ ዶላር ለሚያወጣ መኪና በመጀመሪያው ዓመት 2,000 ዶላር አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ሊዝም ቢሆን አያመልጥም፤ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው። ወንዙን ተሻግረው ሜሪላንድ የሚኖሩት ይሄ በየዓመቱ የሚከፈለው ነገር የለባቸውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችሁ የሚከፍለውን ይዛችሁ በጀት አታውጡ።

ኢንሹራንሱን ከመፈረማችሁ በፊት በዚያው የሻንሲ ቁጥር አስጠይቁ። ሁለት መኪኖች በዋጋ እኩል ሆነው በኢንሹራንስ ሊራራቁ ይችላሉ።

እናታችሁን አስቀምጧት

ሰው መኪና ሲሞክር ብቻውን ወይ ከሻጩ ጋር፣ ለስላሳ መንገድ ላይ፣ 10 ደቂቃ ነው። አይበቃም። ከአዲስ አበባ የመጡ እናታችሁ ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ። ኋላ ሲገቡ ጉልበታቸውን ይዘው ከሆነ መኪናው ከፍ ብሏል ማለት ነው። አርኤክስ ለዚህ ከሦስቱ ይመቻል። ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ግን ሦስተኛ ረድፍ ወንበር የለውም። እንግዳ የማያጣው ቤት ከሆነ፣ ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ኤርፖርቱ፣ ከ2024 ወዲህ የመጣውን የሌክሰስ ቲኤክስ እዩ። ኤክስ 5 እና ጂኤልኢ ላይ ሦስተኛ ረድፍ ማዘዝ ይቻላል፤ እዚያ የሚቀመጠው ግን ልጅ ወይ የተቀጣ ሰው ነው።

የምታውቁት የተቦዳደሰ መንገድ ላይ ውሰዱት። ማታ ሂዱ፣ መብራቱንም ስክሪኑንም እዩ። አሁን ሁሉም ማቀዝቀዣውን ሳይቀር ስክሪን ውስጥ ከትተውታል። እየነዳችሁ ሙቀቱን ለመቀየር ስንት ጊዜ መንካት እንዳለባችሁ ቁጠሩ። እኔ የድሮው ሰው ነኝ፣ የሚዞር ነገር እወዳለሁ።

ጎማውን ደግሞ ተጠንቀቁ። 21 ኢንች ፎቶ ላይ ያምራል። ላስቲኩ ግን ቀጭን ነው። ከክረምት በኋላ ጉድጓድ ሲመታው ቸርኬውም ይጎዳል። ያው መኪና በ19 ኢንች ይለሰልሳል፣ ጎማውም ይረክሳል። ብዙ ቢኤምደብሊው ደግሞ ተንፍሶም የሚሄድ ጎማ ነው የሚመጣበት፤ ትርፍ ጎማ የለውም፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

"በኋላ አገር ቤት እወስደዋለሁ"

ይሄን የሚለኝ ሰው ድሮ ብዙ ነበር። ቤንዚን መኪና ከሆነ አሁን እርሱት። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የሚፈቀደው ኤሌክትሪክ ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ ቢዋይዲውንና ቮልስዋገን አይዲ 4ን በየመንገዱ የምታዩት ለዚህ ነው። እዚህ ላላችሁት፣ ቤታችሁ ቻርጅ ማድረጊያ ካለ፣ 3 ዓመት የሆነው የኤሌክትሪክ ቅንጡ መኪና ዋጋው በጣም ስለሚወድቅ ገዢውን ይጠቅማል። አዲስ ስትገዙ የነበረው የ7,500 ዶላር የፌደራል የታክስ ቅናሽ ግን በመስከረም 2025 መጨረሻ አብቅቷል። አፓርታማ የምትኖሩና ቻርጀር የሌላችሁ አትድከሙ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ከመፈረም በፊት ሻጩ ያልመረጠው መካኒክ ዘንድ ወስዳችሁ አስፈትሹ። ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ሻጩ "አይወጣም ከግቢ" ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ቁልፉንም ቁጠሩ፣ ሁለት መሆን አለበት። የእነዚህን መኪኖች አንድ ቁልፍ ማሠራት በመቶዎች ዶላር ነው።

ወዳጄ ከሳምንት በኋላ ደወለ። አስቦበታል። "ልጆቹ ኮሌጅ እስኪገቡ" አለኝ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው። አርኤክስ 350ኤች ገዛ፣ ጥቁር። 21 ኢንቹን ግን ተው ብለው አሻፈረኝ አለ።